«ሰ» እና «ሠ» ቀለማቸው አንድ ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሲነስቴዢያ፣ ማለትም ፊደል ሲያዩ ወይም ድምፅ ሲሰሙ አብሮ ቀለም ወይም ጣዕም ስለሚመጣበት ሁኔታ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። ስለ ጉዳዩ በአማርኛ የሚጻፈው ጥቂት ስለሆነ ማንሳታችሁን ወደነዋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ አራት ቦታ ላይ ስቷል። ሁኔታውን «የስሜት ሕዋሳት መዛባት» ብሎ ይጠራዋል፤ ከሚሊዮን ሰው አንዱ ላይ ብቻ ይገኛል ይላል፤ በአንድ ሳምንት ልምምድ ማንም ያዳብረዋል ይላል፤ ቡና ቀማሾችን ደግሞ በጅምላ የዚህ ሁኔታ ባለቤት ያደርጋቸዋል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ጅማ የምንኖር ሁለት የሥነ ልቦና መምህራንና አንድ ቡና ቀማሽ ነን። ቀማሹ የገባው በአራተኛው ነጥብ ምክንያት ነው፤ ተራው ሲደርስ እናነሳዋለን።

ከስሙ እንጀምር። ቃሉ የግሪክ ሲሆን «አብሮ» እና «ስሜት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። ሁኔታው ያለበት ሰው በጥቁር ቀለም የታተመ «ለ» ሲያይ ጥቁርነቱን አይስትም፤ ጥቁሩን እያየ አብሮት፣ ሳይጠራው፣ ለምሳሌ የበሰለ ብርቱካን ቀለም ይመጣበታል። የጎደለ ነገር የለም፣ የተዛባም የለም። አንዳንዶች «የሕዋሳት መቀላቀል» ይሉታል፤ እሱም አይስማማንም፣ ምክንያቱም የተቀላቀለ ነገር ተለይቶ አይታወቅም፤ እዚህ ግን ፊደሉና ቀለሙ ለየብቻ ይታወቃሉ። እኛ «ድርብ ስሜት» እንለዋለን። የተሻለ ስም ያለው ካለ ይጻፍልን፤ «መዛባት» ግን ይቅር።

ድርብ ስሜት ብዙ ዓይነት አለው። ለአንዱ ፊደልና ቁጥር ቀለም አላቸው፤ ለሌላው ሰኞና ማክሰኞ፤ ለሌላው የሙዚቃ ድምፅ፤ ጥቂት ሰዎች ላይ ቃል ሲሰሙ ምላሳቸው ላይ ጣዕም ይመጣል። ወራትን በክብ ወይም በተጠማዘዘ መንገድ ላይ ተደርድረው የሚያዩም አሉ። የእኛ አገር ሰው ጳጉሜን በዚያ ክብ ላይ የት እንደሚያስቀምጣት መጠየቅ በራሱ ደስ የሚል ሥራ ነው። አብዛኞቹ ቀለሙን የሚያዩት በሐሳባቸው ነው፤ ጥቂቶቹ ግን ወረቀቱ ላይ፣ ፊደሉ ላይ የተቀባ ያህል ያዩታል። ነገሩ በአብዛኛው አንድ አቅጣጫ አለው፤ ፊደል ቀለም ያመጣል እንጂ ቀይ መጋረጃ ያየ ሰው «ረ» አይመጣበትም።

ብዛቱን በተመለከተ፣ ቀድሞ ይነገር የነበረው ቁጥር በጣም ዝቅተኛ የሆነበት ምክንያት ይታወቃል። ተመራማሪዎች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ እያወጡ መልስ የላከላቸውን ይቆጥሩ ነበር። በዚያ መንገድ ሴቶች ከወንዶች ስድስት እጥፍ በልጠው ተገኙ። (ለጋዜጣ የሚጽፍ ሰው የሕዝብ ናሙና እንዳልሆነ ይህን ደብዳቤ ስንጽፍም አልዘነጋንም።) ተመራማሪዋ ጁሊያ ሲምነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ግን ራሱ ወደ ሰዎቹ ሄደ፤ በኤደንብራና በግላስጎው ዩኒቨርሲቲዎች 500 ተማሪዎችን ጠይቀው፣ «አለኝ» ያለውን ሁሉ ፈተኑት። ፈተናውን ያለፉት 22 ናቸው፣ ማለትም 4.4 በመቶ፤ የወንድና የሴት ብልጫም የለም። የፊደልና የቁጥር ቀለም ያላቸውን ብቻ ከለየን ከመቶ አንድ ሰው ትንሽ ከፍ ይላል። ይኸው ልክ እዚህም ከሠራ፣ አንድ ሺህ ተማሪ ያለው የጅማ ትምህርት ቤት ውስጥ «ሀ ሁ»ን በቀለም የሚያዩ አሥር ልጆች አይታጡም ማለት ነው። ከሚሊዮን አንድ የሚለው የት እና የት!

ልምምድን በተመለከተ የሚጠቀሰው በእንግሊዝ ሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሙከራ ነው። አዋቂዎች ለዘጠኝ ሳምንታት ፊደልን ከቀለም ጋር እያዛመዱ በጽኑ ተለማመዱ፤ ከመካከላቸው ቀለም መታየት የጀመረላቸው ነበሩ። ከሦስት ወር በኋላ ግን አብዛኛው ነገር ደብዝዞ ነበር። የተፈጥሮው ድርብ ስሜት ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ የልምምዱ ደግሞ ልምምዱ ሲቀር ይቀራል። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ተስፋ ለአንባቢ መሸጥ አይገባም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ሰው «አየዋለሁ» ሲል በምን እናምነዋለን? የመጀመሪያው የታወቀ ምስክርነት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1812 ነው። ጌዮርግ ዛክስ የተባለ ሐኪም የራሱንና የእህቱን አልቢኖነት በመረመረበት የመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ፊደል፣ ቁጥርና ቀናት ቀለም እንዳላቸው ጠቀሰ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን በ1880 ቁጥሮችን በቦታ ተደርድረው ስለሚያዩ ሰዎች ጻፈ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ጉዳዩ ገለል ተደረገ፤ ማስረጃው የሰውየው ቃል ብቻ ነበርና። ነገሩን የለወጠው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሳይመን ባረን ኮኸንና ባልደረቦቹ በ1987 ያመጡት ቀላል ሐሳብ ነው፤ ዛሬ ጠይቅ፣ መልሱን ጻፍ፣ ሳትነግረው ቆይተህ እንደገና ጠይቅ። በ1993 ባሳተሙት ውጤት ድርብ ስሜት ያላቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ 92.3 በመቶውን ያለዝንፍታ ደገሙት። ሌሎቹ፣ ቀለም በግምት እንዲሰጡ የተደረጉት፣ ገና ከአንድ ሳምንት በኋላ 37.6 በመቶ ላይ ቀሩ። ይህን ልዩነት በጥሩ ትዝታ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል።

ይህ ፈተና ኮምፒውተርም ሆነ ላቦራቶሪ አይፈልግም። እንዲያውም የእኛ ፊደል ላቲን የማይችለውን ጥያቄ ለመጠየቅ የተሠራ ይመስላል። ማንም መምህር ሊሠራው በሚችል መልኩ እንዘርዝረው።

ስድስት ኤ4 ወረቀት እያንዳንዳቸውን ስምንት ቦታ ብትቆርጡ 48 ካርድ ይወጣል። ፊደሉን በአንድ መጠን፣ 72 ነጥብ አካባቢ፣ በጥቁር ብቻ አትሙ። ኒያላ ፎንት ይበቃል፤ በፓወር ግዕዝ ጽፋችሁ ፎንቱ ወደሌለበት ማተሚያ ቤት ከላካችሁ የሚወጣው ሌላ ነገር ስለሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። መጀመሪያ ዘጠኝ ካርድ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ለየቅል ለሆኑት ፊደላት ይሁን፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አሥራ አራት ካርድ ለሁለት ሙሉ ቤቶች፤ ከለ እስከ ሎ፣ ከበ እስከ ቦ። አምስት ካርድ በመልክ ለሚቀራረቡት፤ ሸ፣ ነ፣ ኘ፣ ተ፣ ቸ። ሦስት ካርድ ለቀ፣ ለጠ እና ለጨ። ስድስት ካርድ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ»፣ «ሰ»፣ «ለ» እና «በ» የሚጻፉባቸው የላቲን ፊደላት። አሥር ካርድ ለቁጥር፤ 3፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8 እና የግዕዝ አቻቸው ፫፣ ፬፣ ፭፣ ፯፣ ፰። አርባ ስምንተኛው ባዶ ነው፤ ለተፈታኙ አሠራሩን ለማሳየት ይሁን። የሳምንቱ ቀናት ካርድ አያስፈልጋቸውም፣ በቃል ይጠየቃሉ።

መልሱን በቀለም ስም አትቀበሉ። በጣም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ቀይ» የሚለው ቃል የበርበሬውንም፣ የቲማቲሙንም፣ የዳማውንም ፈረስ ይይዛል፤ ተፈታኙ በግምት «ቀይ» ብሎ በወሩም «ቀይ» ቢል ምንም አላረጋገጥንም። ቀለም ቤቶች ግድግዳ ለሚቀባ ደንበኛ የሚያሳዩት የናሙና ካታሎግ ጥሩ መሣሪያ ነው። ቢያንስ 60 ቀለም፣ ከነጭ፣ ከጥቁርና ከግራጫ ጋር ይኑረው። የመለያ ቁጥሩ ከፊት ለፊት መታየት የለበትም፤ ለተፈታኙ 7 ቁጥር ራሷ ቀለም አላትና ናሙናውን ትበርዝበታለች። ቁጥሩን ከጀርባ ጻፉት። በስልክ ቀለም መምረጥም ይቻላል፤ የሌሊት ብርሃኑና በራሱ የሚለዋወጠው የስክሪን ድምቀት ይጥፉ። በወረቀት ከሆነ በመስኮት ብርሃን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፤ ቢጫ አምፖል ሰማያዊውን ሁሉ ይቀይረዋል። «ቀለም የለውም» የሚል መልስም መፈቀድ አለበት፤ ካልተፈቀደ ሰውየው ደስ ሊያሰኛችሁ ሲል ይፈጥራል።

ካርዱን በውዛችሁ አንድ በአንድ አሳዩ። በፊደል ገበታ ቅደም ተከተል ካሳያችሁ ቦታውን እያስታወሰ ይመልሳል። ሦስት ዙር በአንድ ቀን፣ በየዙሩ አዲስ ውዝ፤ ለአንዱ ካርድ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ቢወስድ ጠቅላላው ከዕረፍቱ ጋር አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ቢያንስ አንድ ወር ቆይታችሁ፣ ቀጠሮ ሳትሰጡ፣ ድገሙት። «ተመልሰን እንመጣለን» ካላችሁ ፈተናው አበቃለት፤ ይጽፈዋል፣ ያጠናዋል። በተመሳሳይ ዕድሜና ክፍል ያሉ፣ ቀለም አናይም የሚሉ ሦስት ወይም አራት ልጆችንም ፈትኑ፤ እነሱን «ፈጥራችሁ መልሱ፣ በሳምንት እንጠይቃችኋለን» በሏቸው። ማወዳደሪያ የሌለው ውጤት ወሬ ነው። ካታሎጉ ላይ የተመረጠው ቀለም ወይም ቀጥሎ ያለው ጎረቤቱ ከተደገመ እንደ ትክክል ቁጠሩት። ከአርባ ሰባቱ ከአርባ በላይ የደገመ ልጅ ካገኛችሁ በቁም ነገር ያዙት። ዕድሜው ከ11 በታች ከሆነ ግን ቢሳሳትም ውሸታም አትበሉት፤ ቀለሙ እየጠና የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ፊደላችን የሚናገረው። «ሰ» እና «ሠ» አንድ ቀለም ከሆኑ ቀለሙን የያዘው ድምፁ ነው፤ ከተለያዩ መልኩ ነው። «ሰ» እና «ሸ» ቢቀራረቡ ደግሞ መልክ ያይላል። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ልጅ እነዚህን ፊደላት የተማረው በቅጽል ስማቸው ነው፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ፀሐዩ ፀ፣ ጸሎቱ ጸ። «ሰ» ቀይ፣ «ፀ» ቢጫ ሆነው ከተገኙ ቀለሙ ከእሳትና ከፀሐይ የመጣ እንጂ ከቅርጹ ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የቀለም ስም የሚጀምርበት ፊደል ያንኑ ቀለም የመያዝ ዝንባሌ እንዳለው ታይቷል፤ በእኛም «ቢ» ቢጫ፣ «ነ» ነጭ፣ «ቀ» ቀይ እየሆኑ ከመጡ ተመሳሳይ ነገር ነው። ስለዚህ ቀለሙን ከመዘገባችሁ በኋላ፣ በፊት ሳይሆን፣ ፊደሉን በምን ዓይነት ገበታ እንደተማረ ጠይቁ።

የሁለቱ ሙሉ ቤቶች ጥቅም ይለያል። በላቲን አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ የራሱ ቀለም አለው። በግዕዝ ግን ካዕብ ከጎን የምትወጣ ጭረት ናት፣ ሐምስ እግር ላይ የምትታሰር ቀለበት። ለ እና ሉ አንድ ቤት ስለሆኑ አንድ ቀለም ይኖራቸዋል? ወይስ ሉ እና ቡ በካዕብነታቸው ይመሳሰላሉ? ወይስ የቤቱ ቀለም ተጠብቆ በአናባቢው ይደምቃል፣ ይፈዝዛል? አሥራ አራቱ ካርዶች ለዚህ ይበቃሉ።

ጅማ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወፍራል። እዚህ አንድ ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላው ፊደልን፣ ቁቤንና የእንግሊዝኛን አልፋቤት ይይዛል። በቁቤ «ጠ» የሚጻፍበት ምልክት እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ «ኤክስ» ይባላል፤ «ጨ» የሚጻፍበት ደግሞ «ሲ» ነው። ምልክቱ አንድ፣ ድምፁ ሁለት። ከሰዓታት ልዩነት ጋር አንድ ጊዜ በአፋን ኦሮሞ፣ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብትጠይቁትና ቀለሙ ባይለወጥ ቅርጽ አሸነፈ። ከ«ጠ» ጋር አንድ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ድምፅ ከፊደል ወደ ፊደል ተሻግሯል። እንዲህ ያለ መሻገር በሩሲያኛና በእንግሊዝኛ ባደገች አንዲት ሴት ላይ ተመዝግቧል፤ የሩሲያኛው ፊደል ቀለሙን የወሰደው በመልክ ወይም በድምፅ ከሚመስለው የላቲን ፊደል ነበር፤ የላቲኑ ደግሞ ቀለሙን ያገኘው በልጅነቷ ከነበራት ባለ ማግኔት የፊደል መጫወቻ ነው።

ስለ መጫወቻው ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ድርብ ስሜት ያላቸውን የ6,588 አሜሪካውያን የፊደል ቀለም መርምሮ ስድስት በመቶ ያህሉ ፊሸር ፕራይስ የተባለው ድርጅት ይሸጠው ከነበረ የማግኔት ፊደል ጋር አንድ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ «ታዲያ ትዝታ ነው እንጂ ድርብ ስሜት አይደለም» ለማለት አያበቃም። መጫወቻው በሚሊዮን ቤት ገብቷል፤ ቀለሙ ተጣብቆ የቀረው ግን ዝንባሌው ባላቸው ላይ ነው። ዝንባሌው በዘር ይወረሳል፤ «ሀ» ቀይ ይሁን አረንጓዴ ግን አይወረስም፣ ወንድምና እህትም ይከራከሩበታል። ማንም «ሀ ሁ»ን ይዞ አይወለድም።

የቁጥሩ ካርዶች ሌላ ነገር ይለያሉ። 5 አረንጓዴ ሆኖ ፭ ቀለም ከሌለው፣ ቀለሙ የተሰጠው ለአምስትነት ሳይሆን ለምልክቱ ነው። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ራማቻንድራን እና ሃባርድ እ.ኤ.አ. በ2001 የሮማ ቁጥር ሲያሳዩ ሁለቱ ተፈታኞቻቸው ቀለም አልመጣላቸውም። ለእኛ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ፭ን በካላንደርና በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ብቻ አልፎ አልፎ ያየ ልጅ ቀለም ባያይበት ምክንያቱ አለመልመድ ሊሆን ይችላል። የድቁና ትምህርት ያለፈበት ልጅ ለዚህ ካርድ የተሻለ ተፈታኝ ነው።

ከአእምሮ አንጻር ሁለት ማብራሪያ አለ። ራማቻንድራን እና ሃባርድ የያዙት፣ በጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ታችኛ ገጽ ላይ ፊደል የሚለየው ቦታና ቀለም የሚያስተናግደው ቦታ ጎረቤት መሆናቸውን ነው፤ በሕፃንነት የበዛው መገናኛ በሌላው ሰው ሲመለመል እነዚህ ሰዎች ላይ የተረፈ አለ ይላሉ። ሁለተኛው ወገን መገናኛው ሁሉም ሰው ላይ አለ፤ ልዩነቱ ወደ ኋላ የሚፈሰው መልእክት አለመታገዱ ነው ይላል። ለዚህ የሚያቀርቡት ኤል ኤስ ዲ የተባለውን ቅዠት አምጪ ዕፅ የወሰደ ሰው ለጥቂት ሰዓት ድምፅን በቀለም ማየቱን ነው፤ በጥቂት ሰዓት አዲስ ሽቦ አይዘረጋምና። እኛ ሁለቱ ይጣላሉ ብለን አናስብም፤ የዕድሜ ልኩን አንዱ፣ የጊዜያዊውን ሌላው ሊያስረዳው ይችላል።

ወደ ቡናው እንምጣ። ጽሑፋችሁ «ቀማሾች ጣዕምን በቀለምና በቅርጽ ስለሚገልጹ» ድርብ ስሜት አላቸው ይላል። ቀማሽ የሊሙን ቡና አፉ ላይ አድርጎ «ወይን ወይን ይላል» ሲል ወይን አይታየውም፤ ሽታው ካከማቸው የሽታ ትዝታ ጋር ገጥሞለት ነው። ይህ በሥልጠና የሚመጣ፣ ለባልደረባ የሚተላለፍ፣ ስህተት ከሆነም የሚታረም ነው። የድርብ ስሜት ቀለም ግን የግል ነው፤ ማንም «ተሳስተሃል» ሊለው አይችልም።

ሆኖም የቅምሻ ጠረጴዛ አንድ ነገር ያስተምራል፤ የማንም ሰው ሕዋሳት ለየብቻ አይሠሩም። አሠራሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ውሃው 93 ዲግሪ። እዚህ ላይ በመጽሐፍ የሚሠሩ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ። በባሕር ጠለል የተጻፈ መመሪያ «ከፈላ በኋላ ጥቂት አቆዩት» ይላል፤ ጅማ 1,750 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አቆዩት ከተባለ የቡናው ጣዕም በደንብ ሳይወጣ ይቀራል። እንደፈላ አፍስሱት። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ከላይ የተጋገረው ይሰበራል፤ አፍንጫ ወደ ሲኒው የሚጠጋው በዚያች ቅጽበት ነው። ቅምሻው የሚጀምረው ወደ 71 ዲግሪ ሲወርድ ነው፤ ቀማሹም ከማንኪያው ከአየር ጋር በኃይል ይስበዋል፤ የመማጉ ድምፅ ጨዋነት የጎደለው ቢመስልም ፈሳሹን በትኖ ሽታውን ከጉሮሮ በስተጀርባ ወደ አፍንጫ የሚልከው እሱ ነው። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ይዛችሁ ፉት በሉ፤ መራራና ኮምጣጣ ብቻ ይቀራል፣ «የቡና ጣዕም» የምንለው ይጠፋል። ስትለቁት ይመለሳል፤ የሚሰማችሁ ግን አፍንጫ ላይ ሳይሆን ምላስ ላይ ነው። አንጎል ሽታውን ወስዶ ምላስ ላይ አስቀመጠው። ይህን የማያደርግ ሰው የለም፣ ስለዚህ ስም አልወጣለትም።

ዓይንም እጁን ያስገባል። አንድ ልዩ ናሙና ከሁለት ተመሳሳይ ናሙናዎች በሚለይበት ፈተና ክፍሉ ደብዛዛ ቀይ መብራት የሚደረግበት፣ የአቆላሉን ቀለም ልዩነት ለመደበቅ ነው። (ቀይ መብራት ሲባል ሌላ ነገር የሚያስብ አንባቢ አይጠፋም፤ ይህ የቡና ነው።) ምክንያቱም ጠቆር ያለውን ያየ ምላስ ገና ሳይቀምስ «መራራ» ይላል። በቦርዶ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት 54 የወይን ጠጅ ትምህርት ተማሪዎች ነጩን ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ሲሰጣቸው የቀይ ወይን ጠጅን ሽታ ዘረዘሩ። በ2014 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ያው ቡና በነጭ ኩባያ ሲቀርብ ከብርጭቆው ይልቅ ጠንካራ ሆኖ እንደሚቀመስ አሳየ። ማኪያቶ በብርጭቆ የሚያቀርቡ የጅማ ካፌዎች ይህን ቢያውቁት አይጠላም።

ቋንቋችንም ምስክር ነው፤ ግን ከልኩ በላይ አንጫነው። ሽታ «ይሰማኛል» እንላለን፤ «ቅመሰው እስቲ እየው» እንላለን፤ ድምፅን «ቀጭን» እና «ወፍራም» እንላለን። ይህ ድርብ ስሜት አይደለም፣ የጋራ ልማድ ነው። ልማዱ ግን ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሙከራ ድምፅን እንደ እኛ ቀጭንና ወፍራም የሚሉ የፋርስኛ ተናጋሪዎችን «ከፍ» እና «ዝቅ» ከሚሉ ኔዘርላንዳውያን ጋር አወዳደረ። ፋርሶቹን የመስመር ውፍረት የሰሙትን ድምፅ አሳሳታቸው፣ የመስመር ከፍታ ግን አላሳሳታቸውም፤ ኔዘርላንዳውያኑ ላይ የተገላቢጦሹ ሆነ። ለጥቂት ጊዜ በ«ቀጭን» እና «ወፍራም» የተለማመዱ ኔዘርላንዳውያን ደግሞ እንደ ፋርሶቹ ሆኑ። ክራር ወይም መሰንቆ የሚያስተምር ሰው «ከፍ አድርገው» ሲል ተማሪው ድምፁን ማጉላት ይሁን ማቅጠን ግራ የሚገባው ከዚህ ነው፤ «አቅጥነው» ማለት ይቀላል።

ለሁሉም ሰው የጋራ ከሆኑት አንዱ የቅርጽና የድምፅ ዝምድና ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ኬለር እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ ክብ ክብ ቅርጽና አንድ ሾጣጣ ቅርጽ አሳይቶ ሁለት ትርጉም የለሽ ስሞች አቀረበ፤ የትኛው ስም ለየትኛው ቅርጽ ይስማማል ሲል። «ቡባ» እና «ኪኪ» በሚሉት ስሞች በ2022 የታተመው ሥራ በ25 ቋንቋዎች 917 ሰዎችን ጠይቆ ከመቶ ወደ 72ቱ «ቡባ»ን ለክቡ እንደሰጡ አገኘ። ክፍል ውስጥ የሚሞክር መምህር ስሞቹን በቃል ብቻ ይናገር፤ ሰሌዳ ላይ ከጻፋቸው የፊደሉ ቅርጽ ራሱ መልሱን ይነግራል። «ጢቂጣ» እና «ሞሉማ» ዓይነት፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ትርጉም የሌለው ስም ይምረጥ።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ከልጅነት ጀምሮ የነበረ፣ የማይለወጥ፣ ቀለም ወይም ቅርጽ ወይም ጣዕም ብቻ የሆነ ነገር ሕክምና አይሻም። በአዋቂነት ድንገት የጀመረ፣ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከመውደቅና ራስን ከመሳት ወይም ጭንቅላት ላይ ከደረሰ ምት ጋር የመጣ፣ አንድ ዓይን ላይ ብቻ ብልጭ የሚል ወይም አዲስ መድኃኒት እንደተጀመረ የታየ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ሰው የሌለበት ድምፅ ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው ጉዳዩ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ወላጆች ልጃቸው «ማክሰኞ ሰማያዊ ናት» ስላለ ምን ነካው ብለው ወዲያና ወዲህ ይዘውት ባይዞሩ መልካም ነው፤ ብዙ ልጅ ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ ስለሚመስለው አይናገርም፤ አንዴ ከተሳቀበት ደግሞ ጨርሶ ይዘጋዋል። በክፍል ውስጥ እጅ እያስወጡ መጠየቅም ሁለት ጉዳት አለው፤ እውነተኛው ያፍራል፣ ያልሆነው ይከተላል።

በመጨረሻም ስለ ሥዕሉ። ከጽሑፉ በላይ «ሀ»ን በቀይ፣ «ለ»ን በአረንጓዴ፣ «ሐ»ን በቢጫ አድርጋችሁ አሳምራችኋል። ፊደል በራሱ ቀለም የሚታየው ሰው በሌላ ቀለም ተጽፎ ሲያገኘው የቀለሙን ስም ለመናገር እንደሚዘገይ በሰዓት ተለክቶ የታወቀ ነው፤ ብዙዎቹም ያበሳጨናል ይላሉ። የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዥንጉርጉር ገበታም እንዲሁ ነው። ስለዚያ ሥዕል ሊጽፉላችሁ ከሚችሉ አንባቢዎች መካከል ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው ሰዎች የመጀመሪያ ቅሬታ «ሐ እኮ ቢጫ አይደለችም» የሚል ሊሆን ስለሚችል፣ እርማቱን ስታወጡ ፊደሉን በጥቁር ብታትሙት እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የሥነ ልቦና መምህራንና አንድ ቡና ቀማሽ፣ ከጅማ